የበዓል ገጽታ ያለ ተረኛ አስተዋዋቂ፦ የአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በበዓል ሰሞን መልካቸውን ይለውጣሉ። የጣቢያው መለያ፣ ማለትም በፕሮግራሞች መካከል የሚያልፈው አጭር ቪዲዮ፣ ያጌጣል፣ በስክሪኑ ጥግ ያለው ሎጎ ጌጥ ይደረብለታል፣ በፕሮግራሞች መካከል የሚሰማው ሙዚቃ ይቀየራል። ሥራው በአብዛኛው ለግራፊክስ ክፍል ይተዋል፤ ውበቱም የሚመዘነው በስብሰባ አዳራሽ፣ በትልቅ ስክሪን ላይ ነው። ይህ ጉዳይ መመዝገብ አለበት ያልኩት ችግሩ ከውበት ማነስ ስላልመጣ ነው። መለያዎቹ ያማሩ ነበሩ። የጎደለው በሁለት ፕሮግራሞች መካከል ባለችው አጭር ጊዜ ለተመልካቹ የሚናገር፣ በዚያች ሰዓት የሆነውንም የሚያውቅ ሰው ነበር።

ጣቢያውንም ሆነ ባለሙያዎቹን በስም አልጠራም። ከበዓሉ በኋላ አሠራሩ ሲፈተሽ እንዳግዝ ተጠርቼ የስርጭት መዝገቡን አገላብጫለሁ፤ የሌሊቱን ቅጂ ተመልክቻለሁ፤ ተረኛ የነበሩትንም አነጋግሬያለሁ።

የጣቢያው ሁኔታ

ጣቢያው ዜና፣ ስፖርት፣ ድራማና የልጆች ፕሮግራም የሚያቀርብ፣ ሌት ተቀን የሚያሰራጭ ነው። አራት የፕሮግራም አስተዋዋቂዎች በፈረቃ ይሠሩበታል። ፊታቸው አይታይም። አንዱ ፕሮግራም አልቆ ሌላው እስኪጀምር የጣቢያው መለያ በስክሪኑ ላይ ሲያልፍ ድምፃቸው ይሰማል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ይናገራሉ፣ ለልጆች የማይሆን ትዕይንት ካለ ያስጠነቅቃሉ፣ ስርጭት ሲቋረጥ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ተመልካቹ ስማቸውን ባያውቅም ድምፃቸውን ያውቃል።

ሙያው ከመደበኛ የቴሌቪዥን ስርጭት ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1936 ከለንደኑ አሌክሳንድራ ፓላስ መደበኛ የቴሌቪዥን ስርጭት ሲጀምር ሌስሊ ሚቸል፣ ጃስሚን ብላይና ኤልዛቤት ካውል ካሜራ ፊት ቀርበው ፕሮግራሞቹን ያስተዋውቁ ነበር። በኋላ በብዙ ጣቢያዎች ፊቱ ቀረና ድምፁ ብቻ ተረፈ። ድምፁም ቢሆን ከተመልካቹ እየራቀ ሄዷል። የብሪታንያው አይቲቪ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2002 በእንግሊዝ ውስጥ የየአካባቢውን ጣቢያዎች ስም በአንድ የጋራ ስም ሲተካ፣ የማስተዋወቁ ሥራም በአንድ ማዕከል ተጠቃለለ። ዛሬ ቃሉን አስቀድሞ ቀርጾ ለኮምፒውተር መስጠት በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። በተቃራኒው የስዊድን የሕዝብ ቴሌቪዥን በገና ዋዜማ አስተናጋጅ ስክሪኑ ላይ አስቀምጦ ፕሮግራሞቹን በእርሱ አንደበት ማገናኘቱን አልተወም። በበዓል ቀን ተመልካች የሰው ድምፅ እንደሚፈልግ የሚያውቁ ጣቢያዎች መኖራቸውን ለማሳየት ነው ይህን የማነሳው።

የበዓሉ ዝግጅት

ጣቢያው ለበዓሉ አዲስ ገጽታ ከውጭ ድርጅት አሠራ። እያንዳንዳቸው 20 ሰከንድ የሚፈጁ መለያዎች፣ ለመጪ ፕሮግራሞች ማስታወቂያ የሚሆን ማዕቀፍ፣ በጥግ ሎጎው ላይ የሚያበራ ኮከብ፣ እንዲሁም በመዘምራን ድምፅ የተቀረጸ መዝሙር ተዘጋጀ። በሁሉም መለያዎች ላይ የወርቅ ብናኝ ይዘንባል። አስተዋዋቂዎቹ ሥራውን ያዩት ካለቀ በኋላ ነበር።

ሌላው ውሳኔ የሰው ኃይልን የሚመለከት ነው። አስተዋዋቂዎቹ በየበዓሉ ከቤተሰባቸው ተለይተው ስለሚሠሩ፣ ዘንድሮ ቃላቸውን ሁሉ አስቀድመው ቀርጸው በዓሉን ቤታቸው እንዲያሳልፉ ተፈቀደላቸው። ውሳኔው በቅን ልቦና የተወሰነ ነው። ማንም ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ አላደረገውም፤ አስተዋዋቂዎቹም በደስታ ተቀብለውታል። ስለዚህ በበዓሉ ዋዜማ በማሰራጫ ክፍሉ ውስጥ የቀረው አንድ ቴክኒሻን ብቻ ነበር።

ከመተላለፉ በፊት በትክክል የተሠራ አንድ ነገር አለ። መለያዎቹ በሙሉ የብልጭታ ፍተሻ ተደርጎላቸዋል። የበዓል ግራፊክስ ብልጭ ድርግም በሚሉ መብራቶችና በርችት የተሞላ ስለሆነ ይህ ፍተሻ ከየትኛውም ጊዜ ይልቅ በበዓል ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 16 ቀን 1997 በጃፓን በተላለፈ የካርቱን ፊልም ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በፍጥነት በመፈራረቁ 685 ተመልካቾች ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የተለመደው መመሪያ የስክሪኑን ሩብ ያህል የሚሸፍን ብርሃን በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ብልጭ እንዳይል ይከለክላል። ከመለያዎቹ አንዱ ፍተሻውን ስላላለፈ የርችቱ ፍጥነት ተቀንሶ ተስተካክሏል።

ችግሩ እንዴት ተገለጠ

መጀመሪያ የተሰማው ቅሬታ የድምፅ ነበር። መዝሙሩ ከመጀመሪያው ሰከንድ እስከ መጨረሻው ግጥም አለው። አስተዋዋቂው ሲናገር መዘምራኑም ይናገራሉ። የድምፅ ክፍሉ ሁሉም ነገር ልክ መሆኑን በመለኪያ አሳይቶ ተከራከረ፤ የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው አር 128 መመሪያ መሠረት መለያዎቹ በአማካይ በ-23 ሉፍስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ላይ ተስተካክለዋል፤ የአስተዋዋቂዎቹ ቀረጻም እንዲሁ። ነገር ግን ሁለቱ የተለኩት ለየብቻ ነው። ሲደራረቡ ምን እንደሚሆኑ ማንም አላዳመጠም። ሰው ሲናገር ሙዚቃውን በራሱ የሚቀንስ መሣሪያ ነበረ፤ ሆኖም ዝቅ ያለ መዝሙርም ቢሆን ቃል አለው፤ ጆሮ ደግሞ ሁለት ንግግር በአንድ ጊዜ መከተል አይችልም። በዕድሜ የገፉና ጆሯቸው የደከመ ተመልካቾች ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ መስማት እንዳልቻሉ ተናገሩ።

ሁለተኛው የምስል ነበር። የወርቅ ብናኙ በሠሪዎቹ ስክሪን ላይ ድንቅ ሆኖ ሳለ ተመልካቹ ቤት ሲደርስ ወደ ተሰባበሩ አራት ማዕዘኖች ይለወጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቪዲዮን የሚያምቀው መሣሪያ ቦታ የሚቆጥበው ቀጣዩን ምስል ከቀደመው በመገመት ነው። እያንዳንዱ በራሱ አቅጣጫ የሚወርድ ብዙ ሺህ ቅንጣት ግን ለግምት አይመችም። ጣቢያው የሳተላይት አቅሙን ከሌሎች ጣቢያዎች ጋር ስለሚጋራ ለዚህ የሚበቃ የዳታ መጠን አላገኘም። ከዚህ በተጨማሪ በሎጎው ላይ የተደረበው ኮከብ ከጥበቃ መስመሩ፣ ማለትም ምስል በየቴሌቪዥኑ ሳይቆረጥ ከሚታይበት ክልል፣ ወጥቶ ነበር። የኅብረቱ አር 95 መመሪያ ጽሑፍና ግራፊክስ ከየጠርዙ 5 በመቶ ገባ እንዲል ይመክራል፤ ይህም በ1920 በ1080 ምስል ላይ ከጎንና ከጎን 96፣ ከላይና ከታች 54 ፒክስል ማለት ነው። በአንዳንድ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ላይ የኮከቡ ግማሽ ተቆርጦ ታየ።

እነዚህ ሁሉ የሚታረሙ ናቸው። ጉዳዩን ከባድ ያደረገው የዋዜማው ምሽት ነው።

ምሽቱን በቀጥታ የሚተላለፍ የሙዚቃ ዝግጅት ከታሰበለት ሰዓት አለፈ። ቴክኒሻኑ የስርጭት ዝርዝሩን ወደ ኋላ ገፋ። የተቀረጸው የአስተዋዋቂ ቃል ግን «ዜና ልክ በሰዓቱ» እያለ ዘግይቶ ወጣ። ይህን ተመልካች ይቅር ይላል። ዜናው ሊያልቅ ሲል ብዙ ሰዎች የሞቱበት የመንገድ አደጋ መድረሱ ተነገረ። ዜና አንባቢው ዝግ ባለ ድምፅ አነበበና ያለ መዝጊያ ሙዚቃ ተሰናበተ። ወዲያው ደወል ተደወለ፤ መዘምራኑ ተነሡ፤ ወርቅ ዘነበ፤ አስተዋዋቂዋም ከቀናት በፊት በተቀረጸ ሳቅ ባዘለ ድምፅ «የደስታ ምሽታችን ገና መጀመሩ ነው!» አለች። ቀጥሎ አስቂኝ ድራማ ገባ።

ቅጂውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ከዜና አንባቢው የመጨረሻ ቃል እስከ ደወሉ ድረስ ያለው ጊዜ ከትንፋሽ አይበልጥም። የጣቢያው ስልክ ድራማው እስኪያልቅ ድረስ አላረፈም። ከደዋዮቹ መካከል በአደጋው አካባቢ ዘመድ ያላቸውና የሚሆነውን ለማወቅ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጡ ነበሩ።

በዚያ ሳምንት ብዙ ጣት በቴክኒሻኑ ላይ ተቀስሯል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገሩ እንደሚመጣ አይቷል። ነገር ግን በዝርዝሩ ውስጥ በበዓሉ መለያ ምትክ የሚያስገባው ያላጌጠ መለያ አልነበረም፤ በእጁ ያለው ብቸኛ አማራጭ «ለተፈጠረው የቴክኒክ ችግር ይቅርታ» የሚለው ሰሌዳ ነበር። የሥልጠናው መስክ ሲግናል ነው። ስለ ቃል የመወሰን ሥልጣንም የሰጠው የለም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የፈረቃው ኃላፊ ቤቷ ለጣቢያው ቅርብ ወደሆነችው አስተዋዋቂ ደወሉ። ድራማው ሳያልቅ ደርሳ ማይክሮፎን ፊት ተቀመጠች። እስከዚያ ድረስ የዜና ክፍሉና የፕሮግራም ክፍሉ ኃላፊዎች በስልክ ተከራከሩ። የዜናው ኃላፊ እስከ ንጋት የበዓል ይዘት ያለው ሁሉ እንዲወርድ ጠየቁ። የፕሮግራሙ ኃላፊ ደግሞ ቤተሰቡን ሰብስቦ የተቀመጠ ተመልካች ዝግጅቱን የመጠበቅ መብት እንዳለው፣ ፕሮግራም መሰረዝም በጉዳዩ ላይ ሌላ ድንጋጤ እንደሚጨምር ተናገሩ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። የተስማሙበት መፍትሔ ፕሮግራሞቹ እንዳሉ ሆነው መሸጋገሪያዎቹ ብቻ እንዲለወጡ ነው። የዘወትሩ መለያ ከማኅደር ወጥቶ ድምፁ ጠፋ፤ ከሎጎው ላይ ኮከቡ ተነሣ። አስተዋዋቂዋም እንዲህ አለች፦ «የምሽቱ ዝግጅታችን ይቀጥላል። በዛሬው አደጋ ወገኖቻቸውን ላጡ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ቀጥሎ የሙዚቃ ዝግጅት እናቀርባለን።» ከዚህ በላይ አልተናገረችም። በእኔ እምነት ከዚህ በላይ ቢነገር ይበዛ ነበር፤ ባይነገር ደግሞ ዝምታው እንደ ቸልተኝነት ይቆጠር ነበር። ከዚያ በኋላ የስልኩ ጥሪ እየቀነሰ ሄደ።

በማግስቱ የተቀረጹት ቃላት በሙሉ ተደመጡ። ሰዓት የሚጠቅሱና የተመልካቹን ስሜት አስቀድመው የሚያውጁ ሁሉ ተጣሉ። በቀሩት የበዓል ቀናት ከምሽቱ ዜና በፊት ጀምሮ እስከ መዝጊያው ፕሮግራም አንድ አስተዋዋቂ በቀጥታ እንዲሠራ ተደረገ፤ ጠዋትና ሌሊት በተቀረጸው ተቀጠለ።

ሙዚቃውን የሠራው ድርጅት የመዘምራኑንና የመሣሪያውን ድምፅ ለየብቻ እንዲልክ ተጠየቀ። ከዚህ በመነሣት እያንዳንዱ መለያ በሦስት ደረጃ ተዘጋጀ። አንደኛው መዘምራኑ ያሉበት ሙሉው ነው። ሁለተኛው መሣሪያ ብቻ ያለው፣ እንቅስቃሴውም የተረጋጋ ለስላሳው ነው። ሦስተኛው ድምፅ የሌለው፣ ጌጡም የተነሣለት ጸጥተኛው ነው። ብናኙም ተቀነሰ፤ ቅንጣቶቹ ተለቅ ብለው ቀስ እያሉ በስክሪኑ አንድ ወገን ብቻ እንዲወርዱ ተደረገ። ውጤቱ የተፈተሸው በስቱዲዮ ስክሪን ሳይሆን ስርጭቱን እንደማንኛውም ተመልካች በሚቀበል ተራ ቴሌቪዥን ላይ ነው።

የሠራው

ከሁሉም በላይ የጠቀመው አንድ ቀላል ደንብ ነው፦ ከዜና በኋላ የሚመጣው መለያ ሁልጊዜ ለስላሳው ይሁን። ዜናው መልካም ከሆነ አስተዋዋቂው ወደ ሙሉው ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ከከበደ ወደ ጸጥተኛው ያወርደዋል። ማንም ባይነካው ግን የሚወጣው የማይጎዳው ነው። ቀድሞ ደስታ በራሱ ይወጣ ነበር፤ ለመከልከል ሰው ያስፈልግ ነበር። አሁን ሙሉውን ደስታ ለማውጣት ሰው ይወስናል። ከተደረገው ለውጥ ሁሉ እኔ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው በዜና ክፍሉና በአስተዋዋቂው መካከል የተዘረጋው ቀጥተኛ ስልክ ነው። ዜናው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው የዜናው አዘጋጅ የመጨረሻው ዜና ምን እንደሆነና ዜና አንባቢው በምን ዓይነት ስሜት እንደሚሰናበት ይነግራል። በቀጣዩ በዓል ይህ ስልክ ቢያንስ አንድ ጊዜ መለያ አስቀይሯል፤ ተመልካቹም ምንም አላስተዋለም።

የተረኝነቱ ጉዳይም ከተፈራው በላይ በቀላሉ ተፈታ። ግማሹ ሠራተኛ በዓሉን በሌላ ቀን የሚያከብር ወይም የማያከብር ስለሆነ ፈረቃውን በፈቃዱ ወሰደ፤ ለቀሩት ምትክ እረፍትና ቀድሞ የሚታወቅ ተራ ተሰጣቸው። አስተዋዋቂዎቹን ያስከፋቸው በበዓል መሥራቱ ሳይሆን ማን እንደሚሠራ በመጨረሻው ሰዓት መነገሩ እንደነበረ ያን ጊዜ ታወቀ።

ያልሠራው

በቀጣዩ በዓል አስተዋዋቂዎች ከቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት እንዲናገሩ ተሞክሯል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ከመለያው ጋር አልገጥም አለ፤ እንግዳ በሞላበት ቤትም ጸጥታ አይገኝም። አሠራሩ ለአደጋ ጊዜ መጠባበቂያ ብቻ ሆኖ ቀረ።

«ከባድ ዜና» ማለት ምን እንደሆነ በዝርዝር ጽፎ ለቴክኒሻኑ መስጠትም ተሞክሮ ከሸፈ። ዝርዝሩ ሞት ያለበትን ዜና ሁሉ ከባድ አለ፤ በዚህም መሠረት ዕድሜ ጠግበው ያረፉ፣ አገር በምስጋና የሸኛቸው ሰው ዜና መለያውን ጸጥ አሰኘው። በሌላ በኩል ሞት ያልተጠቀሰበት፣ ግን ብዙ ቤተሰብን ያለ መጠለያ ያስቀረ የጎርፍ ዜና ሳይያዝ አለፈ። ዝርዝሩን እያረዘሙ ማሻሻል ይቻላል የሚሉ ነበሩ። እኔ አልስማማም። ይህ በሰው ማስተዋል እንጂ በዝርዝር የሚዳኝ ነገር አይደለም።

የሎጎው ኮከብም ብዙ አስቸግሯል። በዜና ሰዓት እንዲወርድ ትእዛዝ ተሰጥቶ ነበር፤ ትእዛዙ ግን የተያያዘው ከዜናው ጋር ሳይሆን ከሰዓት ጋር ነው። ቀጥታ ስርጭት ሰዓቱን ሲያልፍ ኮከቡ በዘፈኑ ላይ ወርዶ በዜናው ላይ ተመልሶ ወጣ። በዝርዝሩ ውስጥ ከዜናው ፋይል ጋር ከተያያዘ በኋላ ነው የተስተካከለው።

አንድ ያልተጠበቀ ችግርም ተፈጠረ። አስተዋዋቂዎቹ ወደ ቀጥታ ሲመለሱ ደስ ብሏቸው ብዙ መናገር ጀመሩ፤ የተከታዩ ድራማ የመጀመሪያ ቃላት በንግግራቸው ሥር ተቀበሩ። ለባለ 20 ሰከንድ መለያ ከ12 ሰከንድ ያልበለጠ ንግግር የሚል ወሰን ወጣ። ወሰኑ አሁንም በየጊዜው ይጣሳል።

ለሌሎች ጣቢያዎች የሚሻገረው

የበዓል ገጽታ የሚያሠራ ጣቢያ ከድርጅቱ ጋር ውል ሲፈርም ድምፆቹ ተለያይተው እንዲሰጡት አስቀድሞ ይጻፍ። ከተቀላቀለ ቀረጻ ላይ መዘምራንን ማውጣት ከባድ ነው፤ ከመጀመሪያው ለየብቻ ማስቀመጥ ግን ቀላል ነው። መለያው ሲፈተሽ የአስተዋዋቂ ድምፅ በላዩ ላይ ሆኖ ይደመጥ፤ ብቻውን የሚያምር መለያ ሥራውን ገና አልጨረሰም። አስቀድሞ በሚቀረጽ ቃል ውስጥ ሰዓት፣ የአየር ሁኔታና የተመልካች ስሜት አይግቡ። የፕሮግራሙ ስምና ይዘቱ ይበቃል።

አቅሙ ውስን የሆነ ጣቢያ ቀኑን ሙሉ አስተዋዋቂ ማስቀመጥ ላይችል ይችላል። እንዲያ ከሆነ ያለውን ሰው ከዜና በኋላ ላለው መሸጋገሪያ ያስቀምጠው፤ ሌላው በቀረጻ ቢሸፈን ጉዳቱ ትንሽ ነው። አስተዋዋቂ ጨርሶ የሌለበት ጣቢያ ደግሞ ቢያንስ ጸጥተኛውን መለያ ያዘጋጅና ለተረኛው ቴክኒሻን «ከተጠራጠርህ ይህን አስገባ፤ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግህም» የሚል ፈቃድ በጽሑፍ ይስጥ። ፈቃዱ በቃል ብቻ ከሆነ በዚያች ትንፋሽ በማትሞላ ጊዜ ውስጥ ማንም አይጠቀምበትም።

ጌጡ የሚነሣበት ቀንና ሰዓትም ከሚወጣበት ጋር አብሮ ይወሰን። በዚህ ጣቢያ በዓሉ አልፎ ሳለ የሌሊቱ ዝርዝር ሳይነካ በመቅረቱ መዘምራኑ በተራ ቀን ንጋት ላይ ሲዘምሩ ተገኝተዋል። አሁን የማውረጃው ትእዛዝ ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው የመጀመሪያው የበዓል መለያ ከመውጣቱ በፊት ነው።

አስተዋዋቂዎቹ ዛሬ ከግራፊክስ ባለሙያዎቹ ጋር በመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ ላይ ይቀመጣሉ። ለቀጣዩ ገጽታ ያቀረቡት ጥያቄ በእያንዳንዱ መለያ መጨረሻ ላይ ሙዚቃው ያለ ንግግር የሚሰማበት ሦስት ሰከንድ እንዲተው ነው፤ ተቀባይነት አግኝቶ በሥራ ትእዛዙ ውስጥ ገብቷል።